ሐጅ መስሎን

ሸማ ተራ፣ መጋቢት 1990 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኸይረዲን፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይባላል። ልጽፈው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሻይ ይቀርብልኛል፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። ገዢ መጥቶ የጋቢ ዋጋ ሲጠይቀኝ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ፤ በሪሁን ነው ከፊት ለፊት ሱቁ ሆኖ የሚመልስልኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው፣ በደህና ቀንም ደብዳቤ አይሆንልኝም። እንደ ድንጋጤዬ እጽፈዋለሁ። አንተ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ትናንት ሐዋ ሱቄ መጣች።

ባለቤትህ ሸማ ተራ ብቅ የምትለው ለበዓል ካልሆነ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ስለዚህ ከሩቅ ሳያት ነገሩ የገባኝ መስሎኝ፣ ገና ሳትደርስ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ብዬ ጮህኩ። በሪሁንም የሚያጥፈውን ነጠላ ጣል አድርጎ «የሐጂ ሚስት! ከአሁኑ መኩራት ተጀመረ? ተምሩን ብቻ እንዳትረሺን!» አላት። ሐጀራ ከሻርፖቿ መሃል ተነስታ ልትስማት እጇን ዘረጋች።

ሐዋ መንገዱ መሃል ቆመች። ባለጋሪው «እትዬ፣ ጎን! ጎን በይ!» እያለ በአጠገቧ ታክኮ አለፈ፤ አልሰማችውም።

«የምን ሐጅ?» አለች።

ሳቅን። የእውነት ሳቅን፣ ኸይረዲን። አብራህ ስትኖር ቀልድህ የተጋባባት መሰለን።

«ጋሼ ምንይሉ፣ የምን ሐጅ ነው?» አለችኝ ደግማ። «ኸይረዲን አገር ቤት ነው ያለው። አባቱ ቤት። ማን ነው ሐጅ ሄደ ያላችሁ?»

ማን ነው ያለን? ተያየን። ሐጀራ በሪሁንን አየችው፣ በሪሁን እኔን አየኝ። መጀመሪያ የበረደኝ ያን ጊዜ ነው። ማንም አላለንም። አንተም ሐጅ እሄዳለሁ የሚል ቃል ከአፍህ አላወጣህም። እኛው ነን ያልነው፣ እኛው ነን ያመንነው።

እስቲ አንተ ዳኘን። የአንተን የክር ሱቅ ከኔ የሸማ ሱቅ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ስታስነጥስ «ይማርህ» የምልህ እኔ ነኝ። ከገና ወዲህ ፊትህ ጠፍቶ ነበር። ገዢ ሲነዘንዝህ ጣል የምታደርጋት ቀልድ ቀርታ፣ ክሩን በዝምታ መዝነህ ትሰጥ ነበር። «ምነው?» ስልህ አንድ ቀን «እንቅልፍ» ትለኛለህ፣ ሌላ ቀን «ጨጓራ»። ከዚያ የሐጅ ወር ተቃረበ። መርካቶ ውስጥ በዚህ ሰሞን ተጓዡ በየሱቁ ሲሰናበት፣ ሸኚው ሲያጅብ አመት አመት የምናየው ነው። አንተም በዚያው ሰሞን ድንገት ፊትህ በራ። ሰኞ ጠዋት ተላጭተህ፣ ግራጫ ኮትህን ለብሰህ፣ ከተራው ጫፍ ጀምረህ ሱቅ ለሱቅ መዞር ጀመርክ።

«ሐጀራ፣ በአፌም በእጄም ያስቀየምኩሽ ካለ አውፍ በይኝ።»

መጀመሪያ እልል ያለችው እሷ ናት። ሐጅ የሚሄድ ሰው ሁሉንም ይቅርታ ጠይቆ፣ ከሰው ሐቅ ነጻ ሆኖ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ከእሷ የተሻለ ማን ሊያውቅ! «ማሻአላህ! አላህ ወፈቀህ! አውፍ ብየሃለሁ፣ በዱንያም በአኼራም! ካዕባ ስትደርስ ስሜን ጥራልኝ፣ የልጄን ነገር ለምንልኝ» አለችህ። አንተ አንገትህን ነቀነቅህ። አዎ ማለትህ ይሁን አይደለም ማለትህ፣ የመረመረ የለም።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ከአንተ ቀድሞ ይደርስ ጀመር። በሪሁን ጋ ስትገባ «አውፍ የምልህ ያንን ሬዲዮህን ከሰጠኸኝ ነው» ብሎ ቀለደ። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ የምትሰማባትን ሬዲዮ በማግሥቱ ይዘህለት መጣህ። «ሐጂ ኳስ አይሰማም እንዴ?» እያለ ሲስቅ ዋለ። ክርስቲያኑም አልቀረ፣ ሁሉም ልመናውን ጫነብህ። አንዱ ለወገቡ፣ አንዱ ላልወለደች እህቱ፣ ሌላው ለተዘጋበት ሥራ። «አንተስ የምትፈልገው ምንድን ነው?» ያለህ ግን አልነበረም። ያን ሁሉ ሸክም ተቀብለህ፣ ፈገግ እያልክ፣ ዓርብ ከሰዓት መጨረሻ ወደ እኔ ገባህ።

ወንበር ስቤ አስቀመጥኩህ።

«ምንይሉ፣ አንተን መቼም ስንቴ አስቀይሜሃለሁ» አልከኝ።

«በተለይ በዳማ።»

«በዳማ እንኳ አታስቀይምም፣ ታሳዝናለህ» አልከኝና ሳቅህ። ያ ሳቅ የድሮው ሳቅህ ነበር፣ ምንም አልጎደለውም። ከዚያ «አውፍ በለኝ» አልከኝ። እኔም በእኛ ወግ ከመቀመጫዬ ተነስቼ «እግዚአብሔር ይፍታህ፤ አንተም እኔን ይቅር በለኝ» ብዬ ትከሻህን ሳምኩ። ከኮቱ ሥር ያገኘሁት አጥንት ነው። ተሰምቶኝ ነበር፣ ኸይረዲን። ከንፈሬ ላይ ተሰምቶኛል። የመንገድ ሐሳብ ነው፣ ሲመለስ ይሞላል ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ጨርቁን አወጣሁልህ። ሰኞ ወሬውን እንደሰማሁ ሐጀራን ጠይቄ ነበር። «ኢሕራም ሁለት ነጭ ነው፣ አንዱ ለወገብ አንዱ ለትከሻ፣ ስፌት ያልነካው» አለችኝ። ሽሮ ሜዳ ሸማኔዬ ጋ ሄጄ ጥሩ ድር መርጬ አዘዝኩ። በዕድሜዬ ጥለት የሌለው ሸማ ሳሠራ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሸማኔው ራሱ ገርሞት «ጋሼ፣ ለማን ነው እንዲህ ራቁቱን?» ብሎኛል። ለወንድሜ ነው አልኩት።

ጉልበትህ ላይ ዘረጋሁልህ። በመዳፍህ ዳበስከው። እንደ ክር ነጋዴነትህ ጠርዙን በሁለት ጣትህ አሸት አሸት አድርገህ ድሩን ፈተንክ። «ይኼ ነበር የቀረኝ» አልክ። እንባህ ወረደ። አብሬህ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ። አጥፈህ ከኮትህ ሥር አድርገህ ወጣህ። እኔ እንዲህ ያለ ቀን ያሳየኝ አምላክ ይመስገን ብዬ ዳዊቴን ደገምኩ። ዳዊት ደገምኩ እኮ!

ወደ ትናንት ልመለስ። ሐዋን እጇን ይዤ ሱቅ አስገባኋት። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ድምጿን በጣም ዝቅ አድርጋ፣ በሪሁንና ሐጀራ እንዳይሰሙ ብላ ይመስለኛል፣ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ጋሼ ምንይሉ፣ ለባሌ ከፈን ሠርተውለታል?»

ቃሉን አውቀዋለሁ። ስንት ሙስሊም ጎረቤት አብሬ ቀብሬያለሁ። እኛ መገነዣ የምንለው ነው።

«እኔ?» አልኳት።

«እህቱ ሱሀይር ሻንጣውን ስትከፍት ሁለት ነጭ ሸማ አገኘች። ምንድን ነው ስትለው ‹ከፈኔ ነው፣ ምንይሉ ነው ያሠራልኝ› አላት። ቡታጅራ ድረስ ወርዳ የደወለችልኝ ለዚህ ነው። እኔን የአባቴን ቤት አይቼ እመለሳለሁ ብሎኝ ነው የወጣው። እዚያ እንደደረሰ የእጅ ሰዓቱን ለእሷ ልጅ ሰጠ፣ የአባቱን መቃብር ዙሪያ አረም ነቀለ፣ ከዚያ ወዲያ አይበላም አይናገርም። ከእናንተ ጋር ምን ሆኖ ነው? እርስዎ እሱ የሚያከብርዎት ሰው ነዎት። ለጤነኛ ሰው ከፈን ይሠራል?»

ለካ በሪሁን በሩ ላይ ሆኖ ሰምቷል፤ መሬቱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ሐጀራ «ያ ረብ! እኔ ነኝ፣ ሐጅ ነው ያልኩት እኔ ነኝ!» እያለች ጉልበቷን ትመታለች። እኔ እጆቼን እያየሁ ነበር። ጨርቁን ጉልበትህ ላይ የዘረጉት እነዚህ ናቸው። አንተ ምን ይዘህ እንደመጣህ ሳያውቁ፣ ስጦታ እየሰጡ።

ሐዋ ሁሉን ከሰማች በኋላ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔም እኮ» አለች፣ «ሲስቅ ሳይ ዳነልኝ ብዬ ነበር። ልጆቹን በየተራ ሲያቅፍ ዳነልኝ አልኩ።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው፦ ሌላው ባያውቅ፣ እኔ እንዴት አላወቅኩም? እኔ እኮ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ኖሬ ነው የወጣሁት። ያወጣኸኝም አንተ ነህ።

ባለቤቴ ባይነሽ ያረፈች ጊዜ አላለቀስኩም፣ ጾምኩ። ሰዉ «ጋሼ ምንይሉ መነነ» ይል ጀመር። ተራው ውስጥ ምሳ ሲቀርብ «እሱን ተዉት፣ ጾም ላይ ነው» እያሉ በአክብሮት ያልፉኛል። እኔም እውነት መስሎኝ ነበር። ምግብ አልዋጥ ሲለኝ ጾም አልኩት፤ እንቅልፍ ሲጠፋኝ ትጋት፤ ሰው ሲያስጠላኝ ብሕትውና። ለበሽታዬ ሁሉ የመጽሐፍ ስም አወጣሁለት። ክርስቲያኑ ጎረቤቴ እጄን ሊስም ምንም አልቀረውም።

አንተ ግን ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ግድግዳችንን ደበደብክና መጣህ። ሳህን ይዘሃል።

«ምንይሉ፣ እኛ መግሪብ ሲል እንፈታለን። እናንተም ለፋሲካ ፈታችሁ፣ በሪሁን በሬውን ከነቀንዱ በልቶ ታሟል። ያንተ ጾም የሚፈታው መቼ ነው?»

«ስጨርስ» አልኩህ።

«ምኑን?»

ሳህኑን በእጄ ገፋሁት። አንተም ሳህኑን አስቀመጥክና ሌላ ሳትናገር ክንዴን ይዘህ ተክለ ሃይማኖት ወሰድከኝ። ሙስሊሙ አንተ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመህ፣ «የምንይሉን የነፍስ አባት ጥሩልኝ» አልክ። አባ ገብረ ኢየሱስ ወጥተው እኔን ሲያዩ መስቀሉን ማሳለም ረሱ። «ልጄ፣ በሃምሳው ቀን ጾም የለም፣ ክልክል ነው» አሉኝ። «ይህን ጾም እኔ አላዘዝኩህም። ማን ነው ያዘዘህ?»

ያን ጊዜም እንደ ትናንቱ ነበር የደነገጥኩት። የእግዚአብሔር የመሰለኝ ድምፅ የእግዚአብሔር አልነበረም።

ከዚያ ሐኪም ጋ እንሂድ ስትለኝ እጄን ነጠቅኩህ። «አማኑኤል ልታስገባኝ ነው? እብድ ነው ሊባልብኝ ነው?» አልኩህ። «አንተ ሰው» አልከኝ፣ «ክር ሲጠላለፍ ምን ታደርጋለህ? ጎትተህ ትበጥሰዋለህ? ጫፉን ማግኘት የሚችል ሰው ይፈለጋል እንጂ። እኔ ክር እሸጣለሁ፣ አንተ ሸማ ትሸጣለህ፣ ሁለታችንም ጫፉን አላገኘነውም።» እንዲህ ብለህ ነርሷ ሲስተር ኤልሳቤት ፊት አስቀመጥከኝ።

ሲስተር ያለችኝ ትልቅ ነገር አልነበረም። መድኃኒቱን ሰጠችኝ፣ በየሳምንቱ ና አለችኝ። ሐዘን በሽታ አይደለም፣ ግን ሰው ሐዘኑ ውስጥ ሊታመም ይችላል አለችኝ። የቀረው የቤት ሥራ ነበር፦ ብትጠላውም በሰዓቱ ብላ፤ ጠዋት ፀሐይ ይንካህ፤ ተራመድ፤ ከሰው አትራቅ። መራመዱን አንተ ተረከብከው። ሱቅ ከመክፈታችን በፊት ከጎጃም በረንዳ እስከ በርበሬ በረንዳ እያዞርክ፣ በርበሬው ሲያስነጥሰኝ «ይኸው ነፍስ አለህ!» ትለኝ ነበር። አንድ አመት ሙሉ ምሳ ብቻዬን እንድበላ አልፈቀድክልኝም። አሁንም በዚህ ዐቢይ ጾም እጾማለሁ፣ ግን እንደታዘዝኩት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እበላለሁ፣ ማታ እተኛለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ብላኝ ነበር ሲስተር። «እናንተ መርካቶዎች» አለች፣ «ደህና ነህ ስትባሉ አንዱ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፣ አንዱ አልሐምዱሊላህ ይላል። ማመስገኑ መልካም ነው። ግን ከምስጋናው ቀጥሎ እውነቱን የምትነግሩት አንድ ሰው ይኑራችሁ። አንድ ይበቃል።»

የኔ አንድ ሰው አንተ ሆንክ። ያንተ አንድ ሰው ግን ማን ነበር? እኔ ነኝ ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ከገና ጀምሮ በየጠዋቱ «ደህና ነህ?» ብዬህ «አልሐምዱሊላህ» ስትለኝ መዝጊያዬን ልከፍት እሄድ ነበር። ግድግዳው አንድ ነው ስል ኖሬ፣ በዚያኛው ወገን ያለውን አላየሁም። ምናልባት እኔን ያዳነ ሰው አይታመምም ብዬ ነው። ምናልባት «ምን ጎደለው?» ብዬ ነው፤ ሱቅህ ይሠራል፣ ልጆችህ ደህና ናቸው፣ ሐዋ ሐዋ ናት። ዛሬ ጠዋት ቆሜ ስጸልይ ይኼንን አስቤ አፈርኩ። ጨጓራውን የሚያመው ሰው ምን ጎደለህ ይባላል?

ሲስተር ያስተማረችኝ አንድ ሌላ ነገር ስላለ፣ እሱንም እጽፈዋለሁ። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፣ የተሸከመውን ሰው ያሳርፈዋል ብላኛለች። ስለዚህ እጠይቅሃለሁ። ኸይረዲን፣ ራስህን ልታጠፋ አስበህ ነበር? አሁንስ ታስባለህ?

ይኸው ጻፍኩት። አዎ ብትል ምንም አልልህም። አልፈርድብህም፣ ወንጌል አልጠቅስብህም። እኔም በዚያ በሃምሳው ቀን «ስጨርስ» ያልኩህ ምን እንደሆነ ያኔ አልነገርኩህም። ሕይወቴን ነበር። ከባይነሽ መቃብር አጠገብ ቦታ አይቼ ነበር። ለአንተም፣ ለአባም ያልተናገርኩትን ለሲስተር ብቻ ነው የተናገርኩት፣ ተናግሬም ሳልሞት ቀረሁ። ያ ሐሳብ እውነት እውነት ይሸታል፣ የሰላም መንገድ ይመስላል፣ ፊትህን እንኳ ያበራል። ግን ያልፋል። ከሰው ጋር ሆነህ ከቆየኸው ያልፋል። ይህን የምልህ ከመጽሐፍ አይደለም።

የተራውን ነገር ልንገርህ። ሐዋ ልትሄድ ስትነሳ በሪሁን ሬዲዮዋን እጇ ላይ አስቀመጠ።

«ውሰጂለት። ድሮም ትንኮሻኮሻለች። አውፍ ያልኩትንም አንስቻለሁ በይው።»

«አውፍ ይነሳል እንዴ?» አለች ሐጀራ እያለቀሰች።

«እኔ አንስቻለሁ።»

«በየትኛው ሃይማኖት?»

«በሸማ ተራ! አሥር አመት ሙሉ ሲስቅብኝ ኖሮ በአንዲት የሞተች ሬዲዮ ሊገላገለኝ? መጥቶ ይጣላኝ!» አለና ፊቱን ወደ ጋቢዎቹ አዞረ። የታጠፈውን ጋቢ ፈትቶ እንደገና ያጥፍ ጀመር።

ሐጀራ በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔ አውፍ ያልኩትን አላነሳም፣ ለአላህ ብዬ ነው ያልኩት። ዱዓዬን ግን ይመልስልኝ። የልጄን ነገር ራሴ እለምናለሁ። ሐዋዬ፣ የጫንበትን ሁሉ ያውርድ በይው። እኛ ጉልበት አለን።»

እኔ ያልኳት፣ ሸማዎቹን ሱሀይር ከእጇ እንዳታወጣ ነው። ስለ እሷ ሲሰማ በሪሁን «የእህት ወታደር» ብሏታል፤ አንተ ካለህበት ክፍል በር ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ነው አሉ የምትተኛው። አትቆጣት። እኔ ብሆን ካንተ ጋር በአንድ ገመድ እታሰር ነበር።

ሐዋ ነገ በማለዳ ከአውቶብስ ተራ ትነሳለች፣ ይህን ደብዳቤ ይዛልህ ትመጣለች። እኔ በአንድ ቀን እዘገያለሁ። ነገ ጠዋት ሲስተር ኤልሳቤት ጋ ሄጄ፣ ምን ማድረግ እንዳለብንና የት ልናሳይህ እንደምንችል እጠይቃለሁ። ስንመለስ ቀጠሮህ ተይዞ ይጠብቀናል። አብሬህ እገባለሁ፤ ውጭ ጠብቅ ካሉኝ ውጭ እጠብቃለሁ። ሱቁን በሪሁን ያየዋል። የአንተንም ቁልፍ ሐዋ ሰጥታዋለች፤ ክር ሲመዝን አይቼው ቸር ያሰማን ብያለሁ። አባ ገብረ ኢየሱስን እሑድ አላስቀድስም ብላቸው «ሂድ፣ ይኼኛውን አዝዤሃለሁ» ብለውኛል።

በጸሎቴ ስምህን እንዳለ ነው የምጠራው። እግዚአብሔር ኸይረዲን የሚባል ባሪያ እንዳለው ያውቃል።

እስክመጣ ድረስ ግን ሁለት ቀን አለ። ሁለቱን ቀን ከሱሀይርና ከሐዋ ዓይን አትራቅ። ብቻህን የትም አትሂድ፣ ወደ መቃብሩም ቢሆን። እንጀራ ባይወርድልህ ወተት ጠጣ። ሐሳቡ ከከበደህ ለሐዋ «ከበደኝ» በላት፣ ሌላ ቃል አትፈልግም። ሐዋንም «ዝም ብለሽ አጠገቡ ተቀመጪ እንጂ አትምከሪው» ብያታለሁ።

አሁን ደግሞ የማስቸግርህ ነገር አለ። እኔ ከቡታጅራ ወዲያ አልፌ አላውቅም። ሐዋ ነገረችኝ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር ነው፣ ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱ ወደ ወንዙ ይወስዳል፣ አንዱ ወደ እናንተ፤ ሦስት ጊዜ ነግራኝም አልያዝኩትም። የምናገረው ቋንቋም አማርኛ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አውቶብሱ አስፋልቱ ዳር ያወርደኛል። ሌላ ሰው ልከህ አታስቀብለኝ፣ አላውቀውም፣ አልከተለውም። አንተ ና። ከሱሀይር ጋር ና፣ በዝግታ ና፣ ስታገኘኝ ሰላም ማለትም የለብህም። ዝም ብለህ ቀድመህ ሂድልኝ፣ እኔ እከተልሃለሁ። እስክትመጣ ካወረዱኝ ቦታ ንቅንቅ አልልም።

መንገዱ ዳር የሚጠብቅህ ወንድምህ፣
ምንይሉ